እርዱኝ፣ የፈለፈልኳቸው ተርቦች በሙሉ ወንድ ሆኑብኝ!

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ሃብሮብራኮን የሚባለውን ጥገኛ ተርብ በሰም ትል (የንብ ሰፈፍ በሚበላው ትል) ላይ እያራባሁ ነበር። ሴቷ ተባይ ትልን ወግታ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ልጆቿም ትሉን በልተው ያድጋሉ። ዛሬ ጠዋት 60 ያህል ወጡ፤ አንዲት ሴት የለችም! ሐሙስ ተምች የገባበት በቆሎ ማሳ ላይ ልለቃቸው ቀጠሮ ይዣለሁ። ምን ይሻለኛል?

ማር እሸት፦ ማር ስጣቸው።

ተረበኛው፦ ስለ ተርብ ጠይቀህ ተረብ ቤት ገባህ። ወንድ ብቻ ከሆኑ ዕቁብ ይጀምሩ።

መምህሩ፦ ወንድ መሆናቸውን በምን አወቅህ? ደግሞ መሠረቱን እንያዝ። በተርብ ዘንድ ያልተዳቀለ እንቁላል ወንድ ይሆናል፤ ሴት ከተዳቀለ እንቁላል ነው የምትወጣው። ስለዚህ ወንዱ አባት የለውም፤ አያት ግን አለው።

ጠያቂው፦ አንቴናቸው ረጅም ነው፤ ከኋላ መርፌ የላቸውም።

የገበሬ ልጅ፦ እኔ የማይገባኝ፣ ጠላትህ ተምች ከሆነ የሰም ትል ምን ያደርግልሃል? ተምቹን ራሱን አርባ እንጂ።

ጠያቂው፦ ሞክሬዋለሁ። 20 በአንድ ዕቃ አስገብቼ በሳምንቱ አራት ወፋፍራሞች ቀሩ። እርስ በርስ ይበላላሉ። የሰም ትል ግን ንብ አርቢው ጎረቤቴ ከነአሮጌ ሰፈፉ በነፃ ይሰጡኛል።

ቆላ ሰው፦ ልክ ነው። ኒጀር ውስጥም የሩዝ የእሳት እራት እጭ ከትንሽ እህልና ከተርቦቹ ጋር በጆንያ ጨርቅ ከረጢት ይሰቅላሉ፤ ተርቦቹ እዚያው ተራብተው እንዲወጡ።

ማር እሸት፦ ማር ግን ሰጠሃቸው?

ብልቃጥ፦ አንድ ጥያቄ። እናቶቻቸው ሲወጡ ከወንድ ጋር ነበሩ?

ጠያቂው፦ አይ፣ እንዳያመልጡ ገና ሳይወጡ አንድ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ለያየኋቸው። ሲወጡ ለእያንዳንዷ ትል ሰጠኋት።

ብልቃጥ፦ በል እንግዲህ፣ ሳትድር ነው አራስ ያደረግሃቸው! እናቶቹ በሕይወት ካሉ አሁኑኑ ከነዚህ ወንዶች ጋር በአንድ ጠርሙስ ይደሩ። ለ24 ሰዓት ትል አትስጥ። ማሩን ወረቀት ላይ ቀጭን መስመር አድርገህ ቀባ፤ ጠብታ ከሆነ ተጣብቀው ይሞታሉ። ከዚያ ያደገ ትል ስጣቸው። እምቢ የምትል እናት ትኖራለች።

ተረበኛው፦ እናትን ለልጇ? ሰባት ቤት መቁጠር የት ገባ!

ብልቃጥ፦ ሳቅ ቢሆንም እውነት አለው። እናትና ልጅ ሲዳቀሉ ሴት ይሆናሉ ከተባሉት እንቁላሎች ግማሽ ያህሉ ከንቱ ይቀራሉ። ስለዚህ ለአንድ ዙር ብቻ፤ ከዚያ ባዕድ ወንድ ፈልግ። ብል የገባበት የእህል መጋዘን ውስጥ ይገኛል። ሐሙስን ግን እርሳው። ከእንቁላል እስከ ተርብ በ28 ዲግሪ 10 ቀን አካባቢ ይፈጃል፤ ቀዝቀዝ ካለ ይረዝማል።

ጠያቂው፦ ከስምንት እናቶች ሦስት ቀርተዋል። አስገባኋቸው። ወንዶቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ከበቧት፣ አንዷ በእግሯ ትገፈትራቸዋለች። ቆይ፣ መብራት ጠፋ።

የገበሬ ልጅ፦ እሺ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሴት ወጣች?

ማር እሸት፦ ማሩን አልሰጠም ማለት ነው።