ጸጋው ነው ወይስ ሸሚዙ?

የማታ አንባቢ
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት አንድ ወንድማችን «የአሜሪካንን ዘመናዊ ልቦለድ በነገረ መለኮት ዓይን ማንበብ ድርሰቱን በግድ ማጥመቅ ነው» ብሎ ነበር። እኔ አልስማማም። በደፈናው ከምንጨቃጨቅ ግን አንድ ታሪክ ይዘን እንነጋገር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ታሪኩ ፍላነሪ ኦኮነር በ1953 ያወጣችው አጭር ልቦለድ ነው። ርዕሱን «ደግ ሰው ብርቅ ነው» ብንለው ያስኬዳል። ኦኮነር የጆርጂያ ልጅ ናት፣ አጥባቂ ካቶሊክ። በሉፐስ በሽታ ስትሰቃይ ኖራ በ1964 በ39 ዓመቷ አረፈች።

ላላነበባችሁ፣ አንድ ቤተሰብ ከጆርጂያ ወደ ፍሎሪዳ ለሽርሽር ይወጣል። አያት፣ ልጇ ቤይሊ፣ ሚስቱ፣ ሁለት ልጆችና አንድ ሕፃን። አያትየዋ ባርኔጣና ጓንት አድርጋ ነው የወጣችው፣ መንገድ ላይ ሞታ ብትገኝ እንኳ ያየ ሁሉ እመቤት መሆኗን እንዲያውቅ። በእሷ ጉትጎታ ከዋናው መንገድ ይወጣሉ፣ መኪናው ይገለበጣል፣ ከእስር ቤት ያመለጠ ነፍሰ ገዳይ ከነጓደኞቹ ይደርስባቸዋል። ራሱን ሚስፊት («የማይገጥም» እንደ ማለት ነው) ብሎ ነው የሚጠራው፣ የተቀጣው ቅጣት ከሠራው ጥፋት ጋር አልገጥም ስላለው። ቤተሰቡ በየተራ ጫካ እየተወሰደ ይገደላል። እሷ ብቻ ስትቀር ፊቷ ቁጭ ብሎ ስለ ኢየሱስ ያወራታል። ሙታንን ማስነሳቱን በዓይኔ ባይ ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር ይላል፣ ድምፁ ሊሰበር ይደርሳል። ያኔ «አንተ እኮ ከልጆቼ አንዱ ነህ» ብላ ትከሻውን ትነካዋለች። እባብ እንደነደፈው ሰው ወደ ኋላ ይዘልና ሦስት ጊዜ ደረቷን ይመታታል። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል።

ያቺ እጅ ለእኔ ጸጋ ናት። ይህን ሳያዩ ታሪኩን አንብቤያለሁ ማለት ይከብዳል።

የሥነ ጽሑፍ መምህር
እህቴ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ። ሸሚዙን። ቤይሊን ገድለው ሲመለሱ ሸሚዙን ይዘው ይመጣሉ፣ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ በቀቀኖች ያሉበት። ሚስፊት ይለብሰዋል። ተራኪዋ እንደምትለን አያትየዋ ሸሚዙ ምን እንዳስታወሳት ልትል አልቻለችም። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ነው ለባሹን «ልጄ» ያለችው። ልጇ የተገደለባት፣ የደነገጠች አሮጊት የልጇን ልብስ አይታ ተምታታባት። ገጹ ላይ ያለው ይኼ ነው።

ጸጋ የሚለውን ከየት አመጣነው? ከራሷ ከደራሲዋ። በ1963 ቨርጂኒያ ሆሊንስ ኮሌጅ ይህን ታሪክ ለማንበብ ቀርባ የጸጋው ቅጽበት እጇን የዘረጋችበት ነው ብላ ነገረችን። ባትነግረን ኖሮ ስንታችን እናየው ነበር? የማሪሊን ሮቢንሰንን ልቦለድ «ገለዓድ» (2004) በነገረ መለኮት አንብቡ ብትሉኝ ዝም እላለሁ፣ ተራኪው ራሱ ሽማግሌ ቄስ ነው፣ ለትንሽ ልጁ የሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ጸሎቱም ጥምቀቱም አለ። እዚህ ግን ከውጭ እያስገባን ነው።

ዲያቆኑ
መምህር፣ እርስዎ በጣም አጠበቡት። እኛ ፈያታዊ ዘየማንን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ የምናውቅ ሰዎች ነን። በመጨረሻዋ ሰዓት በአንዲት ቃል ገነት የገባ ሰው አለን። ይቺ ሴትዮም እንደዚያው ናት። ዕድሜዋን በከንቱ አሳልፋ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዳነች።

የሥነ ጽሑፍ መምህር
ፈያታዊ ዘየማን «አስበኝ» አለ፣ አመነ። እሷ ግን እጇን ከመዘርጋቷ በፊት ምን እንዳለች ታውቃለህ ወንድሜ? «ምናልባት ሙታንን አላስነሳ ይሆናል» ብላ አጉረመረመች። ነፍሷን ለማትረፍ የማትለው አልነበረም። የጥሩ ቤተሰብ ልጅ ነህ አለችው፣ ጸልይ አለችው፣ ገንዘብ እሰጥሃለሁ አለችው።

የማታ አንባቢ
ዲያቆን፣ እዚህ ላይ ከመምህር ጋር ነኝ። ቶሎ አታጽድቃት። እንዲህ ያለው ችኮላ ነው የእኛን ንባብ የሚያስነቅፈው፣ ገና መጽሐፉ ሳይከፈት ስብከቱ አልቆ ይጠብቃል።

መምህር፣ የሸሚዙን ነገር እቀበላለሁ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳነብ አልፌዋለሁ። ግን እርስዎም አንድ ነገር ዘለሉ። እጇን ከመዘርጋቷ በፊት «ለቅጽበት አእምሮዋ ጠራ» ይላል። ሆሊንስ ላይ የተነገረ አይደለም፣ ታሪኩ ውስጥ ያለ ነው። የተምታታባት ብትሆን ኖሮ ለምን ጠራ ይላል?

እኛ ዘንድ ያለውን አንድምታ አስቡት። መምህሩ ንባቡን ይፈታል። ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ይፈታል። ደግሞ «አንድም» ይላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፣ ሁሉም ግን ከዚያችው ከንባቧ መነሳት አለባቸው፣ ንባቧን ለቅቆ መሄድ የለም። እኔ በነገረ መለኮት ማንበብ የምለው ይህን ነው። ሸሚዙን አይታ ልጇ መሰላት። አንድም፣ ሸሚዙን የለበሰው ልጇን ያስገደለው ሰው መሆኑን እያወቀች፣ ባርኔጣዋም እመቤትነቷም ከጥቅም ውጭ ከሆነ በኋላ፣ ፊቱ ሊያለቅስ እንደደረሰ ሰው ሲጨማደድ አየችና አዘነችለት። ጸጋው የመጣው በሸሚዙ በኩል ቢሆንስ? በጨርቅ፣ በእጅ፣ በትከሻ። ጸጋ በእንጀራና በወይን እንደሚመጣ ለምታምን ደራሲ ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሜሪላንዷ
ከሥራ ገብቼ ነው ያነበብኳችሁ። ሁላችሁም መጨረሻው ላይ ተረባርባችኋል፣ እኔ ወደ መጀመሪያው ልመልሳችሁ። መንገድ ላይ አያትየዋ በአንድ ጎጆ በር የቆመ ሱሪ የሌለው ጥቁር ሕፃን ታያለች። ምን አለች? መሣል ብችል እሱን እሥለው ነበር አለች። እዚህ አገር ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ፣ ያንን መስመር ዘልዬ ስለ ጸጋ ማውራት አልችልም። ደራሲዋም በደብዳቤዎቿ ስለ ጥቁሮች የጻፈችው የሚያሳፍር ነገር አለ። በ2020 ሜሪላንድ ያለው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ስሟን ከተማሪዎች ማደሪያ ላይ አንስቶ በጥቁሯ መነኩሲት በቲያ ቦውማን ስም የሰየመው በዚህ የተነሳ ነው።

ነገረ መለኮት ከፈለጋችሁ ጥቁሯን ደራሲ ቶኒ ሞሪሰንን አንብቡ። «ቢላቭድ» (1987) በተባለው ልቦለዷ ውስጥ ቤቢ ሰግስ ከባርነት የወጡትን ሰዎች ጫካ ውስጥ ሰብስባ ትሰብካለች። ኃጢአታችሁን ተዉ አትላቸውም። እጃችሁን ውደዱ፣ አንገታችሁን ውደዱ ነው የምትላቸው፣ ያ አንገት ገመድ የገባበት አንገት ነውና። ጥቁሩ ደራሲ ጀምስ ባልድዊንም አለ፣ በልጅነቱ ሃርለም ውስጥ ሰባኪ የነበረ። ለምን ሁልጊዜ ኦኮነር?

ዲያቆኑ
ስለ ሕፃኑ ያልሽው ልክ ነው እህቴ። እኔም አልፌው ነበር።

የማታ አንባቢ
እህቴ፣ ያልሽው ያማል፣ ግን ንባቤን አያፈርስብኝም። ጠዋት ያንን ሕፃን ያየችው እንደ ሥዕል ነው። ሰው ሆኖ የታያት የመጀመሪያው ሰው፣ የራሷን ቤተሰብ ጨምሮ፣ ሚስፊት ነው ብዬ አምናለሁ። ያውም ነጭ ሆኖ፣ የልጇን ልብስ ለብሶ። ጸጋዋ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የሄደው። በነገረ መለኮት የሚያነብ ሰው ይህንንም መጻፍ አለበት፣ ደራሲዋን ለማዳን ብሎ መደበቅ የለበትም። ለምን ኦኮነር ላልሽው፣ ሚስፊት ለሦስት ቀን እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ቤቢ ሰግስን ቀጥለን እናንብብ፣ ስብከቷን አንቺ አስጀምሪልን።

የሥነ ጽሑፍ መምህር
«አእምሮዋ ጠራ» የሚለውን አሁን ከፍቼ አየሁት። አለ። የተምታታባት ናት ያልኩትን አነሳለሁ። ጸጋ የሚለውን ቃል ግን ገና አልሰጥሽም፤ ደግነት በቂ ቃል ነው ባይ ነኝ። አስከሬኗ እግሯን እንደ ሕፃን አጣጥፎ፣ ፊቷ ደመና ወደሌለው ሰማይ ፈገግ እንዳለ ነው የሚቀረው። ያንን ፈገግታ ምን እንደምለው አላውቅም፣ ከቤቢ ሰግስ በፊት እሱን እንጨርስ።