ወጣት ሳይቆርብ «እምነቴን እየኖርኩ ነው» ማለት ይችላል? (የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር)

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ዛሬ የማነሳው ነገር የሚያናድደው ሰው ይኖራል፣ ይናደድ። ጥያቄው አጭር ነው። አንድ የኦርቶዶክስ ወጣት ለዓመታት ሳይቆርብ እየኖረ «እምነቴን ከልቤ ይዣለሁ» ማለት ይችላል ወይ? የኔ መልስ አይችልም ነው።

እሑድ ጠዋት ደሴ ውስጥ ደስ ያላችሁ ደብር ሂዱና እዩ። ግቢው በወጣት ጢም ብሏል። ነጠላው የጸዳ፣ ማተቡ የሚታይ፣ መዝሙሩን ከነዜማው የሚያውቅ ወጣት። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን የሚሰለፈው ማነው? ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ሕፃናት፣ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች። በመሀል ያለው ዕድሜ የት ገባ? ዓምድ ተደግፎ ያያል። ሰርግ ቤት ሲጨፍር አርፍዶ ማዕድ ሲቀርብ ተነሥቶ እንደሚወጣ እንግዳ ሆነናል።

ደግሞ ያልቀመስነው ነገር አይደለም። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስንነሣ ቆርበናል። ትንሽ ልጅ ሳለንም እናቶቻችን እያዘሉ ወስደውናል። ጢም ማብቀል ስንጀምር እናቆማለን፤ እስክንሸብት። «ስረጋ»፣ «ስዳር»፣ «ልጆቼን ላሳድግና» እንላለን። መጽሐፉ «በጉብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ» ነው የሚለው (መክ. 12፥1)፤ ጡረታ ስትወጣ አላለም።

ሰኞ ገበያ፦
አቦ ተው እንጂ! ጥምቀት ሲመጣ ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ እየጠቀለልን፣ እየሮጥን፣ ፊት ላይ እንደገና የምንዘረጋው እኛ ነን። አስፋልቱን የምንጠርገው እኛ፣ ሰውን በገመድ የምንይዘው እኛ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም በእግር የሚወጣው ማን ይመስልሃል፣ ሽማግሌው? ያኔ «ቆርበሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀን የለም። አሁን ሶፋህ ላይ ሆነህ በስልክ እምነታችንን ትመዝናለህ።

ለምን እንደማልቆርብ ልንገርህ፣ ስለምፈራ ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቢራ እጠጣለሁ። በሳምንቱ መሀል ጫት እቅማለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ፣ አልዋሽህም። በዚህ አፌ እሑድ ጠዋት ልቀበል? ጳውሎስ ሳይገባው የሚበላ ፍርዱን ነው የሚበላው ብሏል (1ኛ ቆሮ. 11)። ቄሱም በቅዳሴው መሀል እጃቸውን ታጥበው ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ያልሆነ አይቀበል ብለው ያስጠነቅቃሉ። እኔ ያልሆነው ነኝ። አውቄ መቆሜ ነው ሐቀኝነቴ። ቆርበው ወጥተው ሰው ከሚያሙት እኔ እሻላለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
ፍርሃትህን አልንቅም ወንድሜ። ግን ፍርሃቱ ምን ሠራልህ? ቢራውን አስተወህ? አላስተወህም። ጫቱን? እሱንም አላስተወህም። ያስተወህ ቁርባኑን ብቻ ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር ከሆነማ መጀመሪያ የሚነካው ቢራውን ነበር።

ምንጣፉንም አላቃለልኩም፤ በረከት ነው። ግን አንድ ነገር አለ። ምንጣፍ ስታነጥፍ ሰው ያይሃል፣ ቪዲዮ ይነሣል፣ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ባለ አንድ ቀለም ቲሸርት ይታተማል። ንስሐ ስትገባ ማንም አያይህም። ይቺ ልዩነት ትንሽ አታሳስብህም?

ሰኞ ገበያ፦
ስለ ቢራው ያልካት ገብታኛለች። ስለ ቲሸርቱ ያልካት ግን ነገር ፍለጋ ናት።

ዲያቆኑ፦
ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ነው የያዛችሁት፣ ሥርዓቱን ላስቀምጠው። ወጣት አይቁረብ የሚል ነገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለም። ያላገባ አይቆርብም የሚባለውም የሰፈር ወሬ ነው። ያላገባ በንጽሕና እስከኖረ ድረስ ይቆርባል። የወደቀም ለንስሐ አባቱ ይናገራል፣ የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽማል፣ ከዚያ ይቆርባል። ጋብቻ ላይም እንደዚያው ነው፤ ድንግል የሆኑት በተክሊል፣ ያልሆኑት በሥርዓተ መዓስባን ይጸለይላቸውና ቆርበው ይጋባሉ። ለሁሉም በር አለው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቄሱ «ያልሆነ አይቀበል» ሲሉ ንስሐ ግባና ተመለስ ማለታቸው ነው። ወጣቱ ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰምቶ ሃያ ዓመት እዚያው ይቆማል። ይገባኛል ብሎ የሚቀርብ ማን አለ? እኛ መቅደስ ውስጥ የምናገለግለውም «አይገባንም» እያልን ነው።

ሌላው ዝግጅቱ ነው። ከምግብና ከመጠጥ 18 ሰዓት መከልከል ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የምትቀበል ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አትቀምስም። ይኼ ብቻውን የቅዳሜ ማታውን ቢራ ይዘጋል፣ ሰኞ ገበያ።

ሰኞ ገበያ፦
ሃሃ፣ ገባኝ ዲያቆን። በሕግ ያዝከኝ።

ቦርከና ማዶ፦
ዲያቆን ሥርዓቱን ስላስረዳኸን እናመሰግናለን። አሁን ደግሞ ኑሮውን እናውራ፣ ምክንያቱም እስካሁን የተናገራችሁት ሁላችሁም እሑድ ቤታችሁ የምትውሉ ናችሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ በፈረቃ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ፊት ቆሜ ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ። 18 ሰዓት ሳልበላ? ውኃም ሳልቀምስ? ከጓደኞቻችን መሀል ምግብ ሳትበላ ገብታ የወደቀች አለች፣ እሷም ለቁርባን ብላ ሳይሆን ብር ስላጠራት ነው። እሺ ቻልኩት እንበል። ከቆረብኩ በኋላ ከባድ ሥራ አይሠራም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም፣ አይተፋም፣ ገላ አይታጠቡም። አራት ሴት ሆነን አንድ ክፍል ነው የተከራየነው። የማርፍበት ጥግ የለኝም። በወር አበባ ጊዜ ደግሞ ቤተ መቅደስ አልገባም፤ ይኼን ከፈረቃው ጋር ደምሩትና በወር የምትቀረኝን እሑድ ቁጠሩልኝ።

ግን እውነቱን ለመናገር ትልቁ እሱ አይደለም። ትልቁ ወሬው ነው። የጦሳ ልጅ «ንስሐ ስትገባ ማንም አያይህም» ብለሃል፤ ወንድ ስለሆንክ ነው እንዲህ ያልከው። አንዲት ልጅ መቁረብ ስትጀምር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ቆራቢ» የሚል ስም ይወጣላታል። ከዚያ ከአንድ ወንድ ጋር ማኪያቶ ብትጠጣ «ቆራቢዋን አየኋት» ይባላል። የባሰው ደግሞ ስታቆም ነው። አሟት ሊሆን ይችላል፣ ፈረቃ ተቀይሮባት ሊሆን ይችላል። ሰው ግን «ምን ሆና አቆመች?» ብሎ ጣቱን ሆዷ ላይ ይቀስራል። ወንዱ ዓመት ሙሉ ቢቀር ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ከመጀመሪያው አይጀምሩም። ጀምሮ ማቆም ካለመጀመር የከፋ ስም ያሰጣላ!

የፒያሳዋ እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ያሳደግሁ ነኝ። ቦርከና ማዶ ያልሽው እውነት ነው የኔ እናት፤ እኛ ሴቶቹ ራሳችን ነን ወሬውን የምናቦካው። ግን ወጣቶቹ ነገር ታበዛላችሁ። ንስሐ አባት አላችሁ አይደል? የኛ ቤት አባት ልጆቼን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል፣ በየበዓሉ ቤታችንን ጠበል ይረጫሉ። ሄዶ መናገር ነው። ምኑ ይከብዳል?

ሰኞ ገበያ፦
እትዬ፣ በአክብሮት ነው፣ ግን ችግሩን ራስዎ ተናገሩት። አባ እኛም ቤት ይመጣሉ። ጠበል ይረጩና ከእናቴ ጋር ቡና ይጠጣሉ። «ይኼ ልጅ እንዴት ነው፣ ጎበዝ ሆነልሽ?» ብለው እኔ ፊት ይጠይቃሉ። እናቴም «ተመስገን አባቴ» ትላለች። ለእኚህ ሰው ነው ሴት ጓደኛዬ ቤት ማደሬን የምነግራቸው? ምስጢር እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፣ አልጠረጥራቸውም። ግን በሚቀጥለው በዓል ቤታችን ሲመጡ ዓይናቸውን በምን ዓይኔ ልይ?

የጦሳ ልጅ፦
እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ሙሉ በሙሉ። ንስሐ አባት እንደ ቤተሰብ ሐኪም በቤት ቁጥር መያዙ የወጣቱን በር ዘግቶበታል። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ግቢ ጉባኤ ሲማሩ ከቤተሰባቸው ርቀው የራሳቸውን አባት ይይዛሉ፤ ብዙዎቹ መቁረብ የሚጀምሩት እዚያ ነው። ተመርቀው ቤት ሲመለሱ ያቆማሉ። እምነታቸው ቀዝቅዞ ነው እንዳትሉ። ወደ እናታቸው ንስሐ አባት ስለተመለሱ ነው።

የሆጤዋ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እንዳትሰድቡኝ። እኛ ጋ የጌታ እራት ሲቀርብ ወጣት፣ ሽማግሌ አይባልም፣ የተጠመቀ ሁሉ ይወስዳል። 18 ሰዓት የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ወሬ የለም። ግን ተገላቢጦሹ ችግር አለብን። ትሪው በፊቴ ሲያልፍ ካልወሰድኩ አጠገቤ ያለችው ታየኛለች፤ ስለዚህ ከሰው ጋር ተጣልቼም እወስዳለሁ። እናንተ ሰውን ፈርታችሁ ትቀራላችሁ፣ እኛ ሰውን ፈርተን እንወስዳለን። የቱ ይሻላል? እኔ እንጃ። ግን ያ ሰኞ ገበያ የሚለው ፍርሃት ትንሽ ቢጋባብን አልጠላም።

ሸዋ በር፦
ሙስሊም ነኝ፣ ግን የአክስቴ ልጆች ክርስቲያን ስለሆኑ መብት አለኝ፣ ወሎ ነው ያለነው። ወላሂ ስሙን ብቻ ነው የቀየራችሁት። ረመዳን ሲገባ መስጊዱ በወጣት ሞልቶ ሰፉ ውጪ ይወጣል፤ ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ሱብሒ ላይ የምታገኛቸው አባቶችን ነው። «ካገባሁ በኋላ እጠነክራለሁ» የምትለዋም እኛ ጋ አለች፤ ከእናንተ ነው የተዋስናት ወይስ ከእኛ ነው የወሰዳችኋት? በሉ ቀጥሉ።

ዲያቆኑ፦
ሃሃ፣ ቡናውን አብረን ስንጠጣ ነው የተጋባብን።

ቦርከና ማዶ፣ ያነሳሽው የፈረቃ ነገር ከባድ ነው፤ «ጸልዪ» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። አንድ ልበልሽ። በፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በየቀኑ ይቀደሳል። ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት ገደማ ያልቃል። 9 ሰዓት ላይ ለመቀበል ያለፈው ቀን ማታ ከ3 ሰዓት ወዲህ አለመቅመስ ነው። ወደ ሌሊት ፈረቃ ከመግባትሽ በፊት ራትሽን በልተሽ፣ ጠዋት ወጥተሽ ተኝተሽ፣ ከሰዓት ትደርሻለሽ። በዐቢይ ጾምም የአዘቦቱ ቅዳሴ ከሰዓት ነው።

ቦርከና ማዶ፦
እሺ፣ ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ግን በዚያው ማታ ተመልሼ ፈረቃ እገባለሁ። «ከባድ ሥራ አይሠራም» ያልነውስ? ማሽኑ ቆራቢ መሆኔን አያውቅም። አለቃዬም አያውቅም።

ዲያቆኑ፦
እሱን ንስሐ አባትሽ ናቸው አይተው የሚፈቅዱልሽ ወይ የሚከለክሉሽ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ፣ አልወስንልሽም። ግን ሁኔታሽን ሳትነግሪያቸው ራስሽ ላይ አትፍረጂ።

የጦሳ ልጅ፦
እኔ አቋሜ ያው ነው። ሳይቆርቡ መቅረትን እንደ ባህል አድርጎ መኖር ትክክል አይደለም። በተለይ «ትሑት ነኝና አልቆርብም» የምትለዋን አልቀበልም፤ ትሕትና ከሆነች ንስሐ ትግባ። ለቦርከና ማዶ ግን ይኼን አልላትም። ለሷ መናገር ያለበት ሌላ ሰው ነው፤ ከደብሩ ጀምሮ። ኮምቦልቻ ውስጥ ያ ሁሉ የፋብሪካ ወጣት እያለ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን መርሐ ግብር የሚያወጡት አሁንም ለተማሪ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት። በፈረቃ የሚሠራ ወጣት እንዳለ የሚያስብ የለም። ጉባኤ አዘጋጅተን «ወጣቱ ጠፋ» እንላለን፤ ወጣቱ ፈረቃ ላይ ነው።

ሰኞ ገበያ፦
እኔም አንድ ነገር ልበልና ልውጣ። ምንጣፉን አልተውም፣ ይኼ ይታወቅልኝ። ከሰፈሬ ራቅ ያለ ደብር ሄጄ የማያውቁኝን አባት ልጠይቅ እያሰብኩ ነው፤ ቢራውን እዚያ ሄጄ እከራከርበታለሁ። እትዬ፣ ይኼ በእርስዎ ቤት ይፈቀዳል? ልጅዎ ሌላ ንስሐ አባት ይዣለሁ ቢልዎት ምን ይሉታል?

የፒያሳዋ እናት፦
ደስ ይለኛል እንጂ ልጄ፣ ምን ከፋኝ? ይያዝ። ብቻ ማን እንደሆኑና የት ደብር እንደሚያገለግሉ ይንገረኝ፤ እኔም ሄጄ ልተዋወቃቸው፣ ለበዓልም ቤት ልጥራቸው።

ቦርከና ማዶ፦
እትዬ! እሱኑ እኮ ነው የምንለው!