«ግንዛቤ አስጨበጥን» ማለት ያስኬዳል? ስለ «ጨበጠ» የተካሄደ ክርክር

አወያይ፦ ለውይይት የቀረበው ጥያቄ አንድ አባላችን ካካፈሉን ጽሑፍ የመነጨ ነው። ጸሐፊው «ጨበጠ» የሚለው ግስ በመሥሪያ ቤት ሪፖርትና በዜና ከልክ በላይ ተለጥጧል፤ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» እና «ሥልጣን መጨበጥ» የሚሉት አነጋገሮችም ከይፋዊ ጽሑፎች ሊወጡ ይገባል የሚል አቋም አላቸው። ተሳታፊዎች በስም ሳይሆን በሙያችሁ ተጠርታችሁ እንድትጽፉ፣ ከግሱም እንዳትርቁ እለምናለሁ።

አርታኢ፦ የጽሑፉ ባለቤት እኔ ስለሆንሁ ልጀምር። «ያዘ» እጅ አያስፈልገውም፤ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ጨርቅ ቀለም ይይዛል። «ጨበጠ» ግን መዳፍና ጣት ይፈልጋል፤ ከዚያም በላይ የሚጨበጠው ነገር በመዳፍ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ወንበር ይያዛል እንጂ አይጨበጥም፤ የወንበሩ የክንድ ማሳረፊያ ግን ይጨበጣል። ገበሬ እርፍ፣ ወታደር የሰይፍ እጀታ፣ ሾፌር መሪ የሚጨብጠው አራቱ ጣቶች በነገሩ ዙሪያ ታጥፈው አውራ ጣት ከላይ ሲገጥማቸው ነው። እህል ስንሰፍር እንኳ «እፍኝ» መዳፍ ጎድጎድ ብሎ ክፍት ሆኖ የሚይዘው፣ «ጭብጥ» ደግሞ ጣቶች ተዘግተው የሚያስቀሩት ነው። ጥብቅ አድርጎ መያዝን የሚገልጹ ሌሎች ቃላትም እንዲሁ የየራሳቸው አካል አላቸው፦ ክንድ ያቅፋል፣ ጨምድዶ የያዘ ሰው የያዘውን ያጨማድዳል፣ ሙጥኝ ያለ ደግሞ በመላ አካሉ ይጣበቃል። ግንዛቤ እጀታ የለውም፤ ታዲያ ጣቶቻችን በምን ዙሪያ ይታጠፉ?

መምህር፦ የአካሉን መግለጫ በሙሉ እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ግሱን ከእጅ ያራቀው ቢሮ አይደለም። ግራ የገባውን ሰው «የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ» የሚለው፣ የማይሆን ተስፋን «ጉም እንደ መጨበጥ ነው» የሚለው ሕዝቡ ራሱ ነው። እነዚህ አነጋገሮች ውበታቸውን የሚያገኙት መዳፉን ስለማይረሱ ነው፤ ጉሙ ያመለጠው ጣት ስለተዘጋ እንጂ ስላልተዘጋ አይደለም። የእርስዎ መለኪያ ይጽና ከተባለ «ተጨባጭ ማስረጃ» የምንለውም መቅረቱ ነው።

ጠበቃ፦ «ጭብጥ» የሚለውም ቃል መነሣት ይኖርበታል፤ በፍርድ ቤት ያለ እርሱ አንድ ቀን መዋል አንችልምና። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 246 ጀምሮ ዳኛው የተከራካሪዎቹን ቃል መርምሮ ጭብጥ እንዲመሠርት ያዝዛል። ከሳሽ «ገንዘብ አበድሬዋለሁ» ቢል፣ ተከሳሽም «ገንዘቡን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን በስጦታ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ መቀበሉ ላይ ክርክር የለም፤ ጭብጡ ብድር ነው ወይስ ስጦታ የሚለው ብቻ ነው። ከብዙ ገጽ አቤቱታና መልስ ውስጥ ዳኛው የሚያስቀረው ይህን አንድ ነጥብ ነው፤ የተቀረው በጣቶቹ መካከል ይፈስሳል። አርታኢው ስለ እህሉ የጻፉት ለዚህም ይሠራል ማለት ነው። በነገራችን ላይ እኛ «ፍርድ ቤቱ ጭብጥ ያዘ» እንላለን፤ ሁለቱ ግሶች ተጣልተው አያውቁም።

አሠልጣኝ፦ የተነቀፈው አነጋገር የእኔ የዕለት እንጀራ ስለሆነ ዝም ልል አልችልም። «አስጨበጠ» በተራው ንግግር አንድን ነገር በሌላው እጅ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ማስገጠም ነው፤ «ብሩን በእጁ አስጨበጠው» ሲባል የማያውቅ የለም። ማስተማርም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ሰጪው ያቀርባል፣ መዳፉን የሚዘጋው ግን ተቀባዩ ነው።

አርታኢ፦ የእኔም ቅሬታ የሚነሣው ከዚሁ ነው። መዳፉን የሚዘጋው ተቀባዩ ከሆነ፣ መዘጋቱን ሳያዩ «አስጨበጥሁ» ማለት አይቻልም። «ነገርሁት፤ ግን አልገባውም» ቢሉ ንግግሩ ሙሉ ነው። «አስጨበጥሁት፤ ግን አልጨበጠም» ቢሉ ግን ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል፤ ግሱ ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱንም ጨምሮ ይናገራልና። አንድ መሥሪያ ቤት የግማሽ ቀን ስብሰባ አድርጎ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅና ሳይፈትን፣ «ለተሳታፊዎች ግንዛቤ ተጨብጧል» ብሎ ሲጽፍ ያላየውን እየመሰከረ ነው። «ተጨብጧል» የሚለው ተደራጊ ግስ ደግሞ የጨበጠውን ሰው እንኳ ይሰውርልናል።

ጋዜጠኛ፦ ስለ ሥልጣኑ ባጭሩ ልመልስ። በእኔ ግምት «ሥልጣን ጨበጠ» የሚለው «በትረ ሥልጣን ጨበጠ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ በትር ደግሞ ከእጅ የሚገባ ነገር ስለሆነ አርታኢው የጠየቁት እጀታ አልጠፋም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ ሥልጣን ጨበጠ ብንል ማንም አይደናገርም። የተሾመ ሚኒስትርን «ሥልጣን ጨበጠ» የሚል ዜና ግን አላሳልፍም፤ ተሾመ ይባል። በምርጫ ያሸነፈም ይረከባል። ጊዜው አልፎ ወንበሩን አልለቅም ላለውም «ሙጭጭ አለ» የሚል አለን፤ ከ«ጨበጠ» የሚለየውም መነቀፉን አብሮ መያዙ ነው።

መምህር፦ በሥልጣኑ ጉዳይ ከጋዜጠኛው ጋር ነኝ። ስለ ሥልጠናው ግን አንድ ልዩነት ሊታለፍ አይገባም። «ማስጨበጫ» እና «አስጨበጥን» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መሣሪያንና ዓላማን የሚናገር ስም ነው፤ የደነዘ መቁረጫ ባይቆርጥም መቁረጫ መባሉ አይቀርም። ስለዚህ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የሚል ግብዣ ስሕተት የለበትም፤ ያሰበውን እንጂ ያደረሰውን አይናገርም።

አርታኢ፦ እንዲህ ከሆነ በግብዣው ወረቀት ላይ አልከራከርም። ሪፖርቱ ላይ ግን «አስረድተናል» ተብሎ ይጻፍ።

አሠልጣኝ፦ «አስረዳ» ራሱ ሌላውን እንዲረዳ ማድረግ አይደለም? ያልተረዳ ተሳታፊ ካለ እሱም እንደ «አስጨበጠ» ሊፈርስ ነው።

መምህር፦ በአመሠራረታቸው ይመሳሰላሉ፤ ተናጋሪው ግን ለይቷቸዋል። «ባስረዳው ባስረዳው አልገባ አለው» የሚል ሰው በየዕለቱ እንሰማለን። «ባስጨብጠው ባስጨብጠው አልጨበጠም» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።