ድራይ ብሎክ ካሊብሬተር ተገዛልን፤ ሳልቃጠልና ሳላቃጥል እንዴት ልጠቀምበት?

የታቦር ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሐዋሳ ውስጥ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። የሙቀት ሴንሰሮቻችንን እስካሁን ካሊብሬት የሚያደርጉልን (ንባባቸው ልክ መሆኑን የሚፈትሹልን) ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። አሁን ድርጅቱ የራሱን ተንቀሳቃሽ ድራይ ብሎክ ገዛና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ለማታውቁት፦ መሣሪያው የእጅ ሻንጣ ያህላል። መሀሉ ላይ የሚሞቅ ብረት አለ። በብረቱ ውስጥ ደግሞ ኢንሰርት የሚባል፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ያሉት ሌላ ብረት ይገባል። ሴንሰሩን ቀዳዳው ውስጥ ትከታለህ፣ የምትፈልገውን ዲግሪ ትሞላለህ፣ ሲረጋ ንባቦቹን ታወዳድራለህ። የኛው ከ35 እስከ 350 ዲግሪ ይሄዳል።

ማኑዋሉን አንብቤዋለሁ። ማስጠንቀቂያው ከመብዛቱ የተነሣ የቱ የምር፣ የቱ ለደንቡ ያህል እንደተጻፈ መለየት አቃተኝ። የሚያስጨንቁኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንድ ባልደረባዬ «ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግ፣ ሙቀቱ ቶሎ ይተላለፋል» ይለኛል። ልክ ነው? ሌላው፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? ሦስተኛው ደግሞ የፓስቸራይዘሩ፣ ማለትም ወተቱን አሙቆ ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ ሴንሰር ነው። ፒቲ 100 የሚባለው የፕላቲነም ሴንሰር ነው፣ 72 ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው። አለቃዬ ምርት እንዲቆም አይፈልግም። ማሽኑ እየሠራ ነቅዬ ፈትሼ ብመልሰው ምን ይሆናል?

ጋሽ መለኪያ፦
ወንድሜ፣ ከሦስተኛው ልጀምር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንተን ነው የሚጎዱህ። ይሄኛው የማታውቀውን ሰው ነው የሚጎዳው።

የወተቱን ማሞቂያ የሚያዘው ኮንትሮለር የሚያምነው ሴንሰሩን ብቻ ነው። ሴንሰሩን ስትነቅለው ንባቡ ከ72 ወደ ክፍሉ ሙቀት፣ ወደ 25 ምናምን ይወርዳል። ኮንትሮለሩ «ወተቱ ቀዘቀዘ» ብሎ የስቲም (የእንፋሎት) ቫልቩን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ወተቱ የማሞቂያው ፕሌት ላይ ያራል። ይሄ እንኳ ወዲያው ይታወቃል። የባሰው ተቃራኒው ነው። ሽቦው ሳይፈታ ሴንሰሩ ድራይ ብሎኩ ውስጥ ገብቶ 80 ላይ ቢቀመጥ፣ ኮንትሮለሩ «በቂ ሞቋል» ብሎ ስቲሙን ይዘጋል። ያልበሰለውን ወተት ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭም በዚያው ንባብ ተታሎ ወደ ፊት ያሳልፈዋል። ወተት በዚህ መንገድ ፓስቸራይዝ ተደረገ የሚባለው 72 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 15 ሰከንድ ሲቆይ ነው። አንተ ሴንሰር ስትፈትሽ ጥሬ ወተት ታሽጎ ሱቅ ገባ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ አላርም እንኳ አይጮኽም።

ስለዚህ ምርት እየሄደ አይነቀልም። ምርት ካለቀ በኋላ፣ ስቲሙ በእጅ ቫልቭ ተዘግቶ፣ ኮንትሮለሩ ማኑዋል ላይ ሆኖ፣ ኦፕሬተሩ አውቆት ይሠራል። ፓኔሉ ላይ «ሥራ ላይ ነን፣ አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፍ። ወረቀቱ ሺፍት ሲቀየር ለሚገባው ሰው ነው፤ እሱ የምታወሩትን አልሰማም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሴንሰሩ የብረት ኪስ ውስጥ ነው ያለው ወይስ በቀጥታ ወተቱን ይነካል?

የታቦር ልጅ፦
በቀጥታ ነው የሚነካው ጋሼ። በክላምፕ ነው የታሰረው።

ጋሽ መለኪያ፦
እንግዲያው ስትነቅለው ቧንቧው ተከፈተ ማለት ነው። ፓምፑ ቆሞ፣ የግፊት ጌጁ ዜሮ ማለቱን አይተህ፣ መስመሩ ተንጠፍጥፎ ማለቁን አረጋግጠህ ነው ክላምፑን የምትፈታው። በተለይ መስመሩ በሚታጠብበት ሰዓት አትጠጋው። የሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ከቧንቧ ተፈናጥሮ ዓይን ቢገባ ዓይን ያጠፋል። መነጽር አድርግ፣ ፊትህንም ከክላምፑ ፊት ለፊት አታድርግ። ስትመልሰው ጋስኬቱን ሳታይ አትሰረው።

ፈጣኑ፦
ኧረ አታካብዱ። ዘይት ምንም አይልም፣ ብዙ ቦታ ሲያደርጉት አይቻለሁ። እንዲያውም ድራይ ብሎክ ምን ያደርጋል? ውሃ አፍልቶ ሴንሰሩን መክተት ነው። 100 ካነበበ ደህና ነው፤ ካላነበበ አስተካክሎ 100 ማድረግ። አለቀ።

የላቧ ልጅ፦
ፈጣኑ፣ ሐዋሳ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም እኮ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 94 ተኩል አካባቢ ይፈላል። አዳማም ብትሄድ ያው ነው፣ ከፍታው ይቀራረባል። ደህናው ሴንሰር 94.5 ሲያነብልህ «ተበላሽቷል» ብለህ 100 ታደርገዋለህ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ 72 ሲል የወተቱ ትክክለኛ ሙቀት 66 ወይም 67 ነው። ትክክል የነበረውን ነገር በገዛ እጅህ አበላሸኸው።

በቀላል ዘዴ ማየት ለሚፈልግ በረዶ ይሻላል። በዲስትልድ ውሃ የተሠራ በረዶ አድቅቆ ቴርሞስ መሙላት፣ ክፍተቱን በዚያው ውሃ መሙላት፣ ማማሰልና ትንሽ መጠበቅ። ሴንሰሩ መሀል ላይ ይቁም፣ ግርጌውን አይንካ። በረዶ የሚቀልጥበት ዜሮ ዲግሪ በከተማችን ከፍታ ምክንያት ለኛ ሥራ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ፒቲ 100ን በኦም (በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ብትለኩት ዜሮ ላይ 100 ኦም፣ 72 ዲግሪ ላይ ደግሞ 127.84 ኦም ነው መስጠት ያለበት።

ዘይቱን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። መሣሪያው ድራይ የተባለው በደረቁ እንዲሠራ ስለተሠራ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይጨሳል፣ ከዚያም አልፎ ሊቀጣጠል ይችላል። ሲሰፋ ከቀዳዳው ፈስሶ ወደ ማሞቂያው ሽቦና ወደ ሰርኪዩቱ ይወርዳል። ሲያር ደግሞ ኢንሰርቱን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም። ውሃማ ከዚህም ይከፋል፤ 150 ዲግሪ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ጠብታ ውሃ ብትገባ በእንፋሎት ፈንድታ ነው የምትወጣው። ሴንሰሩን ከወተት መስመር እንደነቀልከው እንዳትከተው። ጠርገህ፣ አድርቀህ። በዘይት የሚሠራ ካሊብሬተርም አለ፣ ግን እሱ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ፈሳሽ የሚይዝ ገንዳ ያለው። ፈጣኑ ያየው ምናልባት እሱን ይሆናል።

አሞራ ገደል፦
እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፤ ስለ መብራቱ ልበል።

ከመሰካትህ በፊት ከጀርባው ያለውን የቮልቴጅ ጽሑፍ እይ። የኛ 220 ቮልት ነው። ለ115 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነና እንዲሁ ብትሰካው በዚያው ነው የምትሰናበተው። ሶኬቱ ኧርዝ ያለው ይሁን። ሦስተኛዋን እግር ቆርጠው የሚሰኩ ሰዎች አሉ፤ እባክህ። ቦይለርና ሞተር የተሰካበት ዲቫይደር ላይም አትደርበው።

አሁን መብራት ሄደ እንበል። የመሣሪያው ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ይቆማል፣ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ብረቱ ግን 200 ላይ ከነበረ ያው 200 ላይ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚያቃጥል ታውቃለህ፤ ይሄኛው ደግሞ ዙሪያውን በሙቀት መከላከያ የተሸፈነ ስለሆነ ከዚያም በላይ ይቆያል። ማራገቢያው ስለቆመ ሙቀቱ ወደ ላይና ወደ ሽፋኑ ይወጣል፤ መያዣው ራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ አታንሳው፣ ቦታ አትቀይር። ሴንሰሩንም ኢንሰርቱንም ለማውጣት አትታገል። ውሃ አታርከፍክፍበት፣ እርጥብ ጨርቅ አታልብሰው። «ትኩስ ነው» የሚል ወረቀት አጠገቡ አቁምና ተወው።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። አንዳንዱ ራሱ ወደ ተሞላለት ዲግሪ ማሞቅ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ትእዛዝ ይጠብቃል። ያንተ የቱ እንደሆነ 50 ዲግሪ ላይ ሞልተህ፣ ማብሪያውን ሳትነካ ሶኬቱን ነቅለህ መልሰህ ሞክር። ራሱ የሚቀጥል ከሆነ፣ መብራት ሄዶ አንተም ከክፍሉ የምትወጣ ከሆነ ንቀለው። አጠገቡ ከሆንክ ግን መብራቱ ሲመጣ ዲግሪውን ዝቅ አድርገህ ሙላና ማራገቢያው ያቀዝቅዘው።

አንድ ተጨማሪ። ለረጅም ጊዜ ሳይበራ ከቆየ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ መከላከያው እርጥበት ይስባል። እርጥበት ያለው መሣሪያ ሲበራ ብሬከር ሊጥል ይችላል። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ለአንድ ሁለት ሰዓት ሞቅ አድርገህ አድርቀው። ብሬከሩ እምቢ ካለ ግን ኧርዙን ፈትቶ ማስነሣት የሚባል ነገር የለም፤ መሣሪያውን አስፈትሽ።

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዘይቱ ቀርቷል። አለቃዬንም አናግሬዋለሁ፤ ጥሬ ወተት ሱቅ ይገባል ስለው ዝም አለ፣ ከዚያ «እሑድ ሥራው» አለኝ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። የትኞቹን ዲግሪዎች ልፈትሽ? የኛ ሴንሰር ደግሞ አጭር ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚገባው። ችግር አለው?

ጋሽ መለኪያ፦
350 ስላለው 350 መሄድ የለብህም። ያንተ ሥራ 72 ላይ ነው፤ ዙሪያውን ፈትሽ። 40፣ 63፣ 72፣ 85 በቂ ነው። ከዝቅተኛው ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፤ ማውረዱ ጊዜ ይፈጃል። መሣሪያው የሙቀት ገደብ የሚሞላበት ቦታ ካለው 100 ላይ ገድበው። ጣትህ ስቶ 720 ብትጽፍም ሆነ ሌላ ሰው ቢነካካው ከዚያ አያልፍም። የሴንሰሩን ኬብልም እይ፤ ተራ የፕላስቲክ ሽፋን ከሆነ ከብረቱ አፍ አርቀው። የሚወጣው ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ኬብሉ በላዩ እንዳያልፍ።

አጭር መሆኑ ችግር አለው፣ በጣም። ጠቅላላ ደንቡ ከውፍረቱ 15 እጥፍ ያህል ይግባ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው 9 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ግማሹ ውጭ ሲሆን ሙቀቱ በአንገቱ በኩል ወደ ውጭ ይሸሻል። ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ዝቅ አድርጎ ያነባል። መፍትሔው በድራይ ብሎኩ ስክሪን አለማመን ነው። ሰርተፊኬት ያለው ማመሳከሪያ ሴንሰር ጎኑ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በእኩል ጥልቀት አስገባና ሁለቱን አወዳድር። ማመሳከሪያውም ውፍረቱ ካንተው ጋር የሚመሳሰል ቢሆን ይመረጣል።

ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ንባቡ ይዋሻል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሲሞቅ ይነክሳል። ቀዝቃዛ እያለ በሁለት ጣት ያለ ግፊት የሚንሸራተት መሆን አለበት። በመዶሻ፣ በፒንሳ እንዳይሆን።

የላቧ ልጅ፦
ስክሪኑ «ረግቷል» ሲል ወዲያው አትጻፍ። የረጋው ብረቱ ነው፤ ሴንሰሩ ይዘገያል። የሁለቱም ንባብ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ጠብቅ፤ ከዚያም ደጋግመህ አንብብ። ቬንትሌተር በላዩ እንዲነፍስበት አታድርግ። ስህተቱ ከሴንሰሩ ይሁን ንባቡን ወደ ስክሪኑ ከሚያስተላልፈው ትራንስሚተር ለመለየት ኦሙን ለካ። በሁለት ሽቦ ብቻ የተገናኘ ከሆነ የኬብሉ 1 ኦም ብቻ 2.6 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርግብሃል። ብዙ «የተበላሸ» ሴንሰር እዚህ ጋ ነው የሚገኘው።

ደግሞ የሞቀውን ሴንሰር ቶሎ ይቀዝቅዝ ብለህ ውሃ ውስጥ እንዳትነክረው። ውስጡ ያለው ቀጭን ፕላቲነም ነው፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ይጎዳዋል። ድራይ ብሎኩ ራሱም፣ ማመሳከሪያውም በየጊዜው መፈተሽ አለባቸው። ለዚያ አዲስ አበባ ያለውን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ጠይቁ።

ፈጣኑ፦
እሺ፣ የ94ቱን ነገር አላውቅም ነበር። ጓንትስ? የብየዳ ጓንት ይበቃል?

ጋሽ መለኪያ፦
ሴንሰር ለማውጣት ይበቃል፤ ደረቅ ከሆነ። እርጥብ ጓንት ሙቀቱን ቶሎ ያስተላልፋል። የወጣውን ሴንሰርም የት እንደምታስቀምጠው ሳታወጣው አስብ፤ ብረት ላይ ወይም ጡብ ላይ ይሁን፣ ካርቶን ላይ አይደለም። ኢንሰርቱን ግን በጓንትም አታውጣው። ዲግሪውን ወደ 35 አውርድና ማራገቢያው እየሠራ ይቆይ፤ ስክሪኑ ከ50 በታች ሲል ነው የምታጠፋው። ኢንሰርቱ ከዚያ በኋላ፣ አብሮት በመጣው ማውጫ ይወጣል። ሥራ ሲያልቅ ውስጡ ትተኸው አትሂድ፤ ይዝግና ይነክሳል።

የታቦር ልጅ፦
እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጥቼ ብመለስስ ጋሼ?

ጋሽ መለኪያ፦
ሰው አቁመህ ሂድ። ሰው ከሌለ ቡናውን ወደዚያ አስመጣው፤ መሣሪያው ላይ ግን አታስቀምጠው።