ማክሰኞን ባዶ ተውናት

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንዲት እህት “ልጄን ከትምህርት በኋላ ስንት ነገር ላስመዝግበው?” ብላ ጠይቃ ነበር። ሁለት መስመር ልመልስላት ብዬ ጀመርኩ፣ ይኸው እዚህ ደረሰ። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ትልቁ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 7። እስካለፈው ኅዳር ድረስ ሳምንታችን ይህን ይመስል ነበር። ሰኞ የእሷ ፒያኖ። ማክሰኞና ዓርብ ሁለቱም ኩሞን፣ ወረቀት እየሰጠ የሚያስጠና ማዕከል ነው። ረቡዕ የእሱ ኳስ። ሐሙስ ዋና። ቅዳሜ ጠዋት ግጥሚያ፣ ከሰዓት የአማርኛ ትምህርት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን። እኔ የነርስ ረዳት ነኝ፣ ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ሹፌሩ ይቀያየራል እንጂ መኪናው አይቆምም።

እራት መኪና ውስጥ ነበር። አንድ ረቡዕ፣ ወንድሟ ልምምድ ላይ እያለ፣ ትንሿ ከኋላ ወንበር ሆና በአንድ እጇ ፍርፍር ትበላለች፣ በሌላው የሂሳብ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሠራለች። ውጭው ጨልሟል። የመኪናውን መብራት አብርቼላታለሁ። ድንገት “እማዬ!” ስትል ዞር አልኩ። ስልሱ ከወረቀቱ መሀል ላይ ፈስሷል። በናፕኪን ጠርገን በማግስቱ ይዛው ሄደች። መምህሯ ቀዩን እድፍ በእስክሪብቶ ከብባ አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጋ መለሰችው። ሳቅን። እኔ ግን ማታ አልጋ ላይ ሆኜ አልሳቅኩም።

ለምን እንዲህ እንደምንሆን ብዙ አስቤበታለሁ። ግማሹ ሥራ ነው። እኛ ከሥራ እስክንገባ ልጁ የሆነ ቦታ መዋል አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን መተው በሕግ ክልክል ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ የ10 ዓመቱ ልጅ የ7 ዓመቷን ሊጠብቅልኝ አይችልም። “ውጡና ተጫወቱ” ማለትም እንደ አገር ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ፖሊስ ይዟቸው ነበር። የዚያን ጊዜ ዜናው አገር አዳርሷል። በኋላ ወላጆቹ ነፃ ቢባሉም፣ ወሬውን የሰማ ሐበሻ ሁሉ ልጁን ከበር እንዳይወጣ አድርጓል።

ሌላው ግማሽ ግን እኛው ነን። ክርስትና ላይ ተገናኝተን “የእገሊት ልጅ ቫዮሊን ጀመረች” ሲሉኝ፣ ያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የቫዮሊን አስተማሪ ስፈልግ አመሸሁ። ልጄ ቫዮሊን አልጠየቀችኝም። ቫዮሊን አይታ ማወቋንም እንጃ።

ነገሩን የቀየረው ምክር አይደለም፣ ካምቢዮ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ የመኪናው ካምቢዮ ሞተ። መካኒኩ አንድ ሳምንት አለን፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ባለቤቴ የሰው መኪና እየተከራየ ለሥራ ብቻ ይወጣል። ልጆቹ ከትምህርት መልስ ቤት ቀሩ። ደግነቱ አማቴ በስድስት ወር ቪዛ ሊጠይቁን መጥተው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የመከራ ነበር። ስክሪኑን ደብቄዋለሁ። ልጁ ሶፋው ላይ ተዘርሮ “ቦርድ ሆንኩ፣ ቦርድ ሆንኩ” ይላል። አማቴ ደነገጡ። “ምን ሆነና ነው በዚህ ዕድሜው ቦርድ የወጣው?” አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ ቦርድ የሚወጣው ታሞ ከሥራ የሚሰናበት ሰው ነው። ደብሮት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። “ታዲያ ይደብረዋ!” ብለው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ ልጁ ራሱ ተነስቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። እሳቸው ቀና ሳይሉ “እንቆቅልህ!” አሉት። ዝም አለ። “‘ምን አውቅልሽ’ በል እንጂ!” አሉት። አለ። “በርም መስኮትም የሌለው ነጭ ቤት?” ልጄ አሰበ፣ አሰበና “ኋይት ሐውስ!” አለ።

“እሱ በር የለውም እንዴ?”

“አለው፣ ግን አያስገቡህም።”

መልሱ እንቁላል ነበር። አላወቀም፣ ስለዚህ አገር መስጠት አለበት። አገር ስጠኝ ሲሉት “የምን አገር?” አላቸው። የፈለግከውን ሲሉት ኒውዮርክን ሰጠ። እሳቸው ምስሩን ትተው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ “ኒውዮርክ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ስበላ ስጠጣ ከርሜ፤ አንተ ግን በየቀኑ ኦምሌት እየበላህ እንቁላልን የማታውቅ…” ብለው ሰደቡት። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ትንሿ ከክፍሏ ወጥታ “እኔንም ስደቡኝ” አለች።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመጣ በአማርኛ ያዘጋጀው እንቆቅልሽ ነበረው። “ጠዋት ቢጫ፣ ከሰዓት ቢጫ፣ ማታ የለም።” የትምህርት ቤት አውቶቡስ! እሳቸው አቃታቸው። አገር መስጠት ተራቸው ሆነ፣ ከደብረ ብርሃን ጀምረው አዋሳን ጨምረው ሰጡት፣ አልቀበልም እያለ ተከራከረ። በአማርኛ ነው የተከራከረው! ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ቆጥሯል፣ “ሀ ሁ” ያውቃል፣ ግን ከሰው ጋር በአማርኛ ሲጨቃጨቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ትምህርቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ አሁንም ይሄዳል። ቋንቋው ግን የሚፈልገው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ትልቅ ሰውና ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ልጅ ነው። እኛ ቤት ሁለቱ በአንድ ሰዓት ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

መኪናው ሲጠገን ልጆቹን ቁጭ አድርገን “አንድ ነገር ይቀነስ፣ ምን ይቅር?” አልናቸው። ሁለቱም ሳይመካከሩ ኩሞን አሉ። ባለቤቴ በቀላሉ እሺ አላለም። እሱ በኩራዝ ያጠና ሰው ነው፣ ወረቀት የሚያስጥል ነገር ሁሉ ስንፍና ይመስለዋል። የረታው የልጆቹ ሐኪም ነው። ለመደበኛ ምርመራ ስንሄድ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቀን። ቆጠርነው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ነገረን። ባለቤቴ ቁጥር ይወዳል፣ እሺ አለ።

ዋናን ግን አልነካነውም። እሱ የሕይወት ጉዳይ ነው፣ በተለይ እኛ ወላጆች ራሳችን ዋና ለማናውቀው። ዓርብን ገበያና የቤት ሥራ በላው። ማክሰኞ ግን ባዶ ቀረች። ማክሰኞ ከትምህርት መልስ ስክሪን የለም፣ ፕሮግራም የለም፣ እኔም “ይህን ሥሩ፣ ያን ሥሩ” አልልም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እስካሁን ለቅሶ ነው። የምመክራችሁ አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አትግቡ። እኔ ገብቼ ብዙ ጊዜ አበላሽቻለሁ። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ማስገባቱ ደግሞ ከሁሉም ከበደኝ፣ አልዋሽም።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽ አስቆኛል፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አማት የሌለው ምን ያድርግ? እኔ ብቻዬን ነው የማሳድገው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ባዶ ሰዓት ሰጥቼው አይቻለሁ፣ ባዶው ሰዓት ታብሌት ይሆናል። ብደብቀው ያገኘዋል። ኳሱ ባይኖር እኔ ሥራ ላይ ስሆን ልጄን የሚያይልኝ ትልቅ ሰው አይኖርም ነበር። አሠልጣኙ ልጄን ቆጣ የሚልልኝ ብቸኛው ሰው ነው። የእኛ ባዶ ሰዓት መኪና ውስጥ ነው። ሬዲዮውን አጠፋለሁ፣ እሱ ወደ መስኮቱ ያያል፣ እኔ ወደ መንገዱ። ፊት ለፊት ስንቀመጥ የማይነግረኝን እዚያ ይነግረኛል። ስለዚህ መኪናውን በጅምላ አትርገሚብን።

ከስቶክሆልም፦

እኔ በተቃራኒው ነው የጀመርኩት። እዚህ ወላጅ ሥራ ላይ ሲሆን ልጁ ከክፍል በኋላ “ፍሪቲድስ” ይቆያል፣ ክፍያው በገቢ ልክ ነው። እንደመጣሁ ልጄን ልወስድ ስሄድ ሁልጊዜ ጭቃ ውስጥ ነው የማገኘው። ዝናብ ላይ፣ በዲሴምበር ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፀሐይ ጠልቃ፣ በጨለማ ዱላ ይዞ ይሮጣል። አንድ ቀን ተናድጄ “ምንድን ነው የምታስተምሩት?” አልኳቸው። ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት “እየተጫወተ ነው እኮ” አለችኝ። መልሱ ያ ነበር።

የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ዕረፍትና ጨዋታ የልጅ መብት ነው ይላል። ስዊድን ስምምነቱን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአገር ሕግ አድርጋዋለች። አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችውም። እኔ ግን ሕጉን ሳላውቅ፣ በልጄ ጭቃማ ቦት ጫማ ነው የተማርኩት። አሁንም ማጠቡ አላስደሰተኝም።

ከረሆቮት፣ እስራኤል፦

የሁላችሁንም አነበብኩ። እኛ ጋ ነገሩ የተገላበጠ ነው። ልጅ እስከ ማታ ሰፈር ውስጥ ቢዞር ማንም ፖሊስ አይጠራም። ትምህርት ቤት ቶሎ ይለቃል፣ ወላጅ በጽዳትም በፋብሪካም እስከ ማታ ይሠራል። የሌላው ሰው ልጅ ሮቦቲክስ ሁግ (ከትምህርት በኋላ ያለ ክበብ)፣ እንግሊዝኛ ሁግ ሲሄድ የእኛ ልጅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። ያንን “ዕረፍት ነው” ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ባዶ ሰዓት የሚያምረው የሞላ ሰዓት ለነበረው ነው። እኔ ማትናስ (የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል) ሄጄ፣ ቅናሽ ጠይቄ፣ ለምኜ ነው ልጄን ጁዶ ያስገባሁት። አሁን ሳምንት ሁለት ቀን ጁዶ አለው፣ ሌላውን ቀን ይዙር፣ አልከለክለውም። ሁለት ቀን ይበቃል፣ ዜሮ ግን አይበቃም።

ታክስ የምሠራ፣ ሜሪላንድ፦

በመሀል ልግባ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ፣ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከትምህርት በኋላ ለጥበቃ የከፈላችሁት በቅጽ 2441 ታክስ ላይ ሊታሰብላችሁ ይችላል። የቀን የበጋ ካምፕም እንዲሁ። የሚያድሩበት ካምፕና ማስጠናት ግን አይገባም፣ ስለዚህ ኩሞኑን እንዳትጽፉት። የተቋሙን የታክስ ቁጥር አሁኑኑ ተቀበሉ፣ መጋቢት ላይ ስልክ አያነሱም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ ከአሌክሳንድሪያ፣ ልክ ነህ። አማት ባይኖሩ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ግን ማወቅ ግድ ሆነብኝ፣ ግንቦት ላይ ቪዛቸው አልቆ ተመለሱ። እህቴ ከረሆቮት፣ ያልሽውን ሳነብ አፈርኩ፣ እውነትሽን ነው። ያልነካሁትን ነክተሽልኛል።

እኛ ቤት የማክሰኞው የስክሪን ሕግ አንድ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ በቪዲዮ ይደውልላቸዋል። እሳቸው ጋ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። አይተኙም፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ይጠብቁታል። ባለፈው ማክሰኞ የጠየቃቸውን አላወቁም፣ እንቅልፋቸውም መጥቷል። “አሜሪካን በሙሉ እንካ፣ አሁን ልተኛበት” አሉት።

“እሱማ ያለሁበት ነው” አላቸው። “ሌላ ስጪኝ።”