ቅርጫቱ ይጥበብ ወይስ ባለበት ይቆይ? የድሬ ዲስክ ወርዋሪዎች ክርክር

(ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ነው፦ ከመነሻው ዲስክ እየወረወሩ፣ ዘንግ ላይ በቆመና ከላይ ከቀለበቱ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል።)

የከዚራው፦ እሁድ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ከነባሮቹ አንዱ የተናገረው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ይሄ ቅርጫት እኮ የልጅ ጨዋታ ሆኗል። አዲሶቹ ቅርጫቶች ቀለበታቸው በባጃጅ ቸርኬ ይሠራ፣ የሚችልና የማይችለው ይለይ» አለ። ሰውም አጨበጨበለት። ለአዲሶቹ ቅርጫቶች የተዋጣው ብር የሁላችንም ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ኒሙ ሥር ጥለው የሚወረውሩት ልጆች እንኳ አዋጥተዋል። ለጥቂት ጎበዞች ተብሎ ዒላማው ከጠበበ እነሱ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?

ሰንሰለት፦ አቦ ነገር አታካብድ። ልጆቹ ይባረሩ ያለ ሰው የለም። የተባለው ግን እውነት ነው። ከ10 ሜትሩ ክብ ውስጥ የኛ ጎበዞች አይስቱም። ታዲያ ፉክክሩ የቱ ጋ ነው? ከመነሻው አርቆ የወረወረ አሸነፈ፣ የቀረው ማሟያ ነው። ጎልፍ ላይ ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኳሱ 43 ገደማ። አንድ ሜትር ላይ ቆሞ እንኳ ስንት ሻምፒዮን ይስታል። እኛ ጋ ዲስኩ ሰንሰለት ነካ ማለት ገባ ማለት ነው።

የሳቢያኗ፦ ቁጥሩን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ እስቲ አካፍለው። 108 ለ43 ሲካፈል ሁለት ተኩል ነው። ዲስኩ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። የኛ ቅርጫት የላይኛው ቀለበት የ18 ኢንች የሞተር ሳይክል ቸርኬ ነው፣ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሲካፈል ሁለት ከምናምን። ስለዚህ የኛ ከጎልፉም ይጠባል።

ሰንሰለት፦ ጉድጓድ ኳስ አያቅፍም እህቴ። ሰንሰለት ያቅፋል። ዲስኩ በጉልበት መጥቶ ሲመታው ይወዛወዝና ጉልበቱን ይጨርስለታል፣ ከዚያ ታች ቅርጫቱ ውስጥ ይጥለዋል። ኤድ ሄድሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ሰው ዛፍና ምሰሶ እየመታ ነበር የሚጫወተው። ዕቃው የተሠራው ዲስክ ለመያዝ ነው፣ ስለዚህ የሚያስቸግረውን ነገር እኛው ካልጨመርንበት አያስቸግርም።

በያጁ፦ የሠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ ልናገር። የባጃጅ ቸርኬ 8 ኢንች ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዲስኩ 21! ዲስኩ ከቀለበቱ ሊሰፋ ነው። እዚያ ላይ ሰንሰለት ከምናንጠለጥል ቱቦላሬውን ብቻ ተክለን ምሰሶ ብንመታ ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት ክፍተት ከሌለው አይወዛወዝም፣ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል። ዲስኩም ብረት እንደመታ ነጥሮ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ስሠራ በወፍራም ሰንሰለት ሞክሬው እንዲሁ ነበር የሆነው፣ መሃሉን ተመትቶ ይተፋ ነበር። በዚህ ዓይነት የሚለየው ጎበዙ ሳይሆን ዕድል የቀናው ነው።

ሰንሰለት፦ ባጃጁን ተዉት፣ ያ አነጋገር ነው። በ14 ኢንች ይሠራ።

የከዚራው፦ አሁን አነጋገር ሆነ? እሁድ ሲጨበጨብለት ግን አነጋገር አልነበረም። እሺ «የልጅ ጨዋታ»ስ? እሱም አነጋገር ነው? ልጆቹ እዚያው ቆመው ሰምተውታል።

ሰንሰለት፦ አንድ ቃል ይዘህ አትንጠልጠል አቦ።

የከዚራው፦ እንጠለጠላለሁ። ሰው የሚያስበውን ነው የሚናገረው።

ቲቸር፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ስፖርት ዕቃውን ሲቀይር ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ኡቬ ሆን እ.ኤ.አ. በ1984 ጦር 104.80 ሜትር ወረወረ። በ1986 የወንዶች ጦር የክብደት ማዕከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ተገፋ፣ ርቀቱም አጠረ። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስም በ2000 ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አደገ። ተጫዋቹ ሲያድግ ዕቃውም አብሮ ቢለወጥ ምንም ነውር የለውም።

የሳቢያኗ፦ ቲቸር፣ እርስዎን ለማረም አይደለም፤ ግን ጦሩ የተቀየረው ጎበዝ ስለበዛ ሳይሆን ሜዳው ስላለቀ ነው። 104 ሜትር የሚሄድ ጦር ማዶ የቆመ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። በዚያ ላይ ተጋድሞ እያረፈ ዳኞችን ያጨቃጭቅ ነበር። ኳሷም ስትተልቅ ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ጨዋታው ለተመልካች ታየ። እዚያ መፈታት ያለበት ችግር ነበር። የኛ ችግር ምንድን ነው? ሰው ማስገባቱ?

ቲቸር፦ ሁሉም ማስገባቱ ነው ልጄ። ሁሉም የሚያስገባው ነገር ውድድር አይሆንም።

የከዚራው፦ «ሁሉም» የሚባለው ማን ነው ቲቸር? ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ይበሉ። ከ5 ሜትር የሚስተው ስንት ነው። ሁሉም ያላችሁት እርስ በርስ የምትጫወቱትን እናንተን ነው።

ናምበር ዋን፦ እኔ መሃል ላይ ነኝ። ቀለበቱ ባለበት ይቆይ፣ ግን ከመነሻው በኩል ሲታይ ከዘንጉ ግራ ያሉት ሰንሰለቶች ይሳሱ። ቀኝ እጁን አዙሮ የሚወረውር ሰው ዲስኩ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚሽከረከረው። ከዘንጉ ቀኝ ሲመታ ሽክርክሪቱ ራሱ ወደ ዘንጉ ያስገባዋል። ግራውን ሲመታ ግን ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ጎበዝ ይሄን ያውቃል፣ ቀኙን ነው የሚያነጣጥረው። ግራው ሲሳሳ እሱ አይጎዳም፣ ዝም ብሎ የሚወረውረው ነው የሚቀጣው። ጎበዙን መለየት ማለት ይሄ ነው።

ግራ እጅ፦ ወላሂ ይሄን ስትጽፍ እኔን አላስታወስከኝም? እኔ በግራ ነው የምወረውረው። የኔ ዲስክ በተቃራኒው ነው የሚሽከረከረው፣ የሚይዝልኝ ጎን ያ ልታሳሳው ያሰብከው ነው። እናንተ ድሮም የማትፈልጉትን ጎን አውጥታችሁ የኔን አፈረሳችሁ። ከዚያ እሁድ ስሸነፍ «ልምምድ አነሰህ» ልትሉኝ ነው።

ናምበር ዋን፦ ግማሾቹን ቅርጫቶች በቀኝ በኩል እናሳሳቸዋለን። አለቀ።

ግራ እጅ፦ አላለቀም። ያኔ ደግሞ ቀኝ እጆች ታለቅሳላችሁ። በግማሹ እኔ፣ በግማሹ እናንተ፤ ይሄ ዕጣ ማውጣት እንጂ ችሎታ መለካት አይደለም።

ጀጎል፦ ሰላም ከሐረር። ትንሽ ልበል። እኛ ከእናንተ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው ያለነው። አየሩ ስስ ነው፣ ዲስኩ ቶሎ ወደ ግራ ይሰብራል። እናንተ ጋ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እዚህ ሲመጣ ጠማማ ነው። ማጥበብ ያማራችሁ ወደ ላይ ውጡና ሞክሩ፣ ያው ቅርጫት ጠቦ ይጠብቃችኋል።

ሰንሰለት፦ ሙቀትም አየር ያሳሳል ወንድሜ። ድሬ ቀትር ላይ ወርውረህ ታውቃለህ? እናንተ ገና ዛፍ ላይ ጎማ አስራችሁ ነው የምትጫወቱት፣ መጀመሪያ ቅርጫት ትከሉ።

ጀጎል፦ ጎማውን ያሰርነው በያጁ ቀጥሮን ስለቀረ ነው። እሱን ጠይቀው።

በያጁ፦ ቀብድ ያልከፈለ ሰው ቀጠረኝ አይልም። እሱን በስልክ እናውራ፣ እዚህ አይደለም።

የሳቢያኗ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ማጥበቡ የሚገድለውን ነገር ማንም አልተናገረም። ቅርጫቱ ሲጠብ ጎበዙ ራሱ መሞከር ያቆማል። ዛሬ ከ15 ሜትር ላይ ቆሞ ልቡ ይመታል፣ ይወረውራል፣ ወይ ይገባል ወይ አልፎ ይሄዳል። ነገ በ14 ኢንች ሲሆን አስቦ አስቦ ቅርጫቱ አጠገብ ያስቀምጠውና በቀጣዩ ይጨርሳል። እሁድ ሙሉ የሚያስቀምጥ ሰው ስናይ ልንውል ነው። በ2021ዱ የዓለም ሻምፒዮና ኦግደን ላይ ጄምስ ኮንራድ የመጨረሻው ቅርጫት ላይ ከ75 ሜትር ገደማ ወርውሮ አስገባ፣ ከፖል ማክቤዝ ጋር እኩል ሆነ፣ ከዚያ በመለያው ዋንጫውን ወሰደ። ስንቶቻችን በዚያ ቪዲዮ ነው ይሄን ጨዋታ የጀመርነው? ያ ዲስክ የሚይዘው ሰንሰለት ባያገኝ ኖሮ ማን ያወራው ነበር?

ሰንሰለት፦ እሱ ጎበዝ ስለሆነ ገባ። በጠባቡም ይገባ ነበር።

የሳቢያኗ፦ ባይሞክረውስ?

ሰንሰለት፦ ይሞክር ነበር። ሌላ ምርጫ አልነበረውማ፣ ካላስገባ መሸነፉ ነው።

የሳቢያኗ፦ እሱ እሺ። የመጨረሻው ላይ ማንም ይሞክራል። እኔ የማወራው ሌሎቹ ላይ ስለሚሆነው ነው፣ እሱን ዘለልከው።

የከዚራው፦ እኔ የምለው ቅርጫቱ ሳይሆን ቦታው ይክበድ። አንዱን ዴቻቱ ወንዝ ዳር፣ አፋፉ ላይ እንትከለው። የሳተ ዲስክ ቁልቁል ይንከባለልና 20 ሜትር ታች አሸዋው ላይ ይገኛል። ያኔ ጎበዙ ከ8 ሜትርም ያስባል፦ በኃይል ልስጠው ወይስ በቀስታ ላንሳፍፈው? ጀማሪው ደግሞ ያው ሰፊ ሰንሰለት አለለት። ሁለተኛውን በቱቦላሬ ከፍ አድርገን እንስቀለው። ከታች ወደ ላይ ሲወረወር አፍንጫው የተነሳ ዲስክ በላዩ ይሄዳል፣ ዝቅ ያለው የቅርጫቱን ሆድ መትቶ ይወድቃል። አንድ ብር ሳንጨምር ጨዋታው ይከብዳል።

ቲቸር፦ ከፍ ያለውን እቀበላለሁ። ዴቻቱን ግን አልቀበልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የዴቻቱ ጎርፍ ያደረሰውን የድሬ ሰው አይረሳም። ደራሽ ከላይ ሐረርጌ ተራራ ላይ ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይመጣል። ዲስኩን ሊያነሳ አሸዋ ውስጥ የሚወርደው ልጅ ነው።

የከዚራው፦ በበጋ ብቻ ይሁን። ክረምት ሲገባ እንነቅለዋለን።

ቲቸር፦ ማን ነው የሚነቅለው? ባለፈው ክረምት አንዱን ቅርጫት ከዝናብ የሚያስገባው ሰው ጠፍቶ ዝጎ ነው የከረመው።

ግራ እጅ፦ ከፍ ያለው ይሁን። ለግራም ለቀኝም እኩል ነው።

ሰንሰለት፦ ከፍ ያለውን ልጆቹ አይደርሱበትም። ዲስካቸውን ማን ያወርድላቸዋል? ስለ ልጆች ስትከራከር ቆይተህ ይሄን አሰብከው የከዚራው?

የከዚራው፦ አንዱን ብቻ ነው ያልኩት! ሌሎቹ መሬት ላይ ናቸው። ያንተ 14 ኢንች ግን ሁሉም ላይ ነው።

ሰንሰለት፦ ሁሉም አላልኩም። ሁለቱ ይጥበቡ፣ ሁለቱ ይቆዩ።

የሳቢያኗ፦ መቼ ነው ሁለት ያልከው? ወደ ላይ ሄደህ ያልከውን አንብበው።

በያጁ፦ ፌሮውን ነገ ነው የምገዛው። ሐሙስ መቁረጥ እጀምራለሁ። ልኩን እስከዚያ ካልነገራችሁኝ በነበረው 18 ኢንች ነው የምሠራው፣ ቸርኬው ደጄ ላይ ተደርድሯል።

ሰንሰለት፦ አትቁረጥ። እሁድ ድምፅ እንስጥ።

የከዚራው፦ ድምፅ ከተሰጠ ልጆቹም ይሰጣሉ። አዋጥተዋል።

ሰንሰለት፦ 12 ዓመት ልጅ ስለ ቅርጫት ስፋት ምን ያውቃል?

ግራ እጅ፦ አንተን ባለፈው ወር ያሸነፈህ ስንት ዓመቱ ነው?