ክርክር፦ ለከተማ ዳርቻ ነዋሪ ኃይል ቆጣቢው መኪና የትኛው ነው?

አወያይ

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ በመካከላችን ያልተቋጨ ክርክር አለ። ገሚሶቻችን ኤሌክትሪኩ ከሁሉም ኃይል ቆጣቢ ስለሆነ ውሳኔው ትክክል ነው እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ቢያንስ ሃይብሪድ፣ ማለትም የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘ መኪና፣ ሊፈቀድልን ይገባ ነበር የሚል አቋም አለን፤ ሃይብሪድ እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ደብዳቤም ረቂቁ ተዘጋጅቶ ፊርማ እየጠበቀ ነው። ከመፈረማችን በፊት ጥያቄውን አጥብበን እንመልከተው። ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ ወይም ከኮዬ ፈጬ ወደ መሃል ከተማ የሚመላለሰውን ሰው ከሦስቱ መኪኖች፣ ከቤንዚን፣ ከሃይብሪድና ከኤሌክትሪክ፣ በአነስተኛ ኃይል የሚያደርሰው የትኛው ነው? የመኪኖቹን ዋጋ ለሌላ ቀን እናቆየው።

ከሱሉልታ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ

ሦስቱን ለማወዳደር አስቀድሞ በአንድ መስፈሪያ መስፈር ያስፈልጋል። ቤንዚን በሊትር፣ መብራት በኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚሸጥ ብዙ ሰው የሚያወዳድረው በብር ነው፤ ብር ግን ታሪፍንና ታክስን እንጂ ኃይልን አይነግረንም። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። ስለዚህ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያቃጥላል፤ በከተማ መንገድ 4.5 ሊትር የሚበቃው ሃይብሪድ 40 ያህል ይወስዳል። በመጠን የሚመጣጠናቸው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮበት ከቆጣሪ የሚወስደው 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ሞተሩ ነው። የቤንዚን ሞተር መኪናውን የሚገፋው ነዳጅ አቃጥሎ ከሚያገኘው ሙቀት በመሆኑ፣ ከቤንዚኑ ኃይል ጎማ ላይ የሚደርሰው ከሩብ ብዙም አይዘልም፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቀበለው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ወደ ማሽከርከር ይለውጠዋል። ይህ የአምራቾች ማስታወቂያ ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ የሚያስገድደው ልዩነት ስለሆነ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢሻሻል ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ አይደለም።

ከሰበታ፣ የጋራዥ ባለሙያ

ወንድሜ፣ የቁጥሮቹን ስሌት አልቃወምም፤ የምቃወመው መነሻዎን ነው። ቤንዚኑን ከታንከሩ፣ መብራቱን ከቆጣሪው ጀምረው ቆጠሩት። መብራት ግን ከቆጣሪ አይወለድም። የድንጋይ ከሰል እያቃጠለ መብራት በሚያመነጭ አገር፣ ማመንጫው ከከሰሉ ኃይል አንድ ሦስተኛውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጥ፣ እርስዎ 18 ያሉት ከ50 በላይ ሆኖ ከሃይብሪዱ 40 ይበልጣል። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» የሚለው ንግግር ምንጩ ካልተነገረ ግማሽ ንግግር ነው።

ሁለተኛ፣ ሃይብሪድን የቤንዚን መኪና ታናሽ ወንድም አድርገን አንየው። ቶዮታ ፕሪየስን በጃፓን ለገበያ ካቀረበበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴክኖሎጂው ብዙ ተጉዟል፤ የቅርቦቹ ሞተሮች በሚስማማቸው ዙር ሲሠሩ ከነዳጁ ኃይል 40 በመቶውን ይጠቀማሉ። ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ያለውን የጠዋት መጨናነቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የቤንዚን መኪና እዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሞም ነዳጅ ይጠጣል፤ ሃይብሪዱ ሞተሩን አጥፍቶ በባትሪው ቀስ እያለ ይሳባል፣ ፍሬን ሲያዝም የተወሰነውን ኃይል መልሶ ይሰበስባል። በዚያ ላይ ግድግዳ ላይ ሶኬት አይጠይቅም። መብራት ጠፋ ተብሎ ከሥራ የሚቀር የሃይብሪድ ባለቤት አላየሁም።

የኤሌክትሪክ መኪናን ባትሪ ለመሥራት የሚፈጀው ኃይልም በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ከሱሉልታ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ

የጠየቁት ተገቢ ነው፤ ሁሉንም ከምንጩ እንጀምር። በከሰል የሚመነጭ መብራትን በተመለከተ ያሉት ትክክል ነው፤ ሃይብሪድ በኃይል ቁጠባ ኤሌክትሪኩን የሚበልጥበት አገር ሊኖር ይችላል። እኛ ግን ያለነው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መብራት ከውኃ በሚመነጭበት፣ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ በሚገኝበት አገር ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የውኃ ተርባይን ከሚወርደው ውኃ ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። በመስመር ላይ የሚባክነው አምስት እጅ ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው ብለን አብዝተን ብንቆጥር እንኳ፣ 18ቱ ኪሎ ዋት ሰዓት ከግድቡ ጀምሮ ሲቆጠር 25 ይሆናል።

ቤንዚኑንም ከምንጩ እንከተለው። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ የምንጠቀመው ነዳጅ ሁሉ ውጭ አገር ተጣርቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ተጉዞ ነው ማደያ የሚደርሰው። ቦቴውን ብዙ ሰው እንደ ትልቅ አባካኝ ያነሳዋል፤ እዚህ ላይ ለእውነት ስል ነዳጁን ልደግፍ። 40 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ ለደርሶ መልስ 800 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ ከጭነቱ 2 በመቶ ነው። ዋናው ብክነት ድፍድፉን በማውጣትና በማጣራት ላይ ነው። ይህን ሁሉ 15 በመቶ ብለን ብንደምረው የሃይብሪዱ 40 ወደ 46፣ የቤንዚኑ 62 ከ70 በላይ ይደርሳል። 25ን ከ46 ጋር ስናስተያይ ልዩነቱ ከግማሽ ጥቂት ይጎድላል፤ ከቤንዚኑ ጋር ግን ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነው።

ባትሪ ሲመረት ብዙ ኃይል መፍጀቱ እውነት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና መንገድ የሚጀምረው ዕዳ ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ዕዳው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ውስጥ ይከፈላል፤ መብራቱ ከውኃ ሲሆን ደግሞ ፈጥኖ ይከፈላል። በየቀኑ ከዳርቻ የሚመላለስ ሰው ይህን ርቀት በጥቂት ዓመታት ይሸፍነዋል።

ስለ ፍሬን ያነሱትን በእኛው መንገድ ላይ ላሳይ። ከሱሉልታ ተነስቶ የእንጦጦን ጀርባ አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት 300 ሜትር ከፍታ እንበለው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያንን ሲወርድ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይለቃል። የቤንዚን መኪና በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ቢቆርጥም ከዚህ ኃይል ምንም አያስቀርም፤ ኃይሉ የፍሬን ሸራ ማሞቂያ ይሆናል፣ ሽታውም እስከ መስኮት ይደርሳል። የሃይብሪዱ ባትሪ በጠቅላላው ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ፣ ከዚያም ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፊሉን ብቻ ስለሆነ፣ ገና ቁልቁለቱ ሳያልቅ ይሞላና የተረፈውን በሞተሩና በፍሬኑ ይጥለዋል። የኤሌክትሪክ መኪናው ግን ባትሪው ትልቅ በመሆኑ ከሚለቀቀው ከግማሽ በላዩን ይመልሳል፤ ይህም በሜዳ መንገድ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። ከላይ የምንኖር ሰዎች ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። ሌሊቱን ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ የሚነሳ ሰው ያንን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ መኪናውም መልሶ መሰብሰቡን ያቆማል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ለሚነሳ ሰው 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። ማታ ሲመለስ ዳገቱን ለመውጣት ሁሉም መኪና ይከፍላል፤ በዚያ የሚድን የለም።

ከኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ

ሁለታችሁም የምትከራከሩት ግቢና አጥር ላለው ሰው ነው። የእኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መኪና የሚቆመው ደግሞ የጋራ በሆነው ሜዳ ነው፤ ሶኬት የለም። ጎረቤቴ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳው ገመድ አውርዶ ነው ቻርጅ የሚያደርገው፤ አንድ ምሽት ልጆች እንዳይረግጡት ገመዱን ከመንገድ ሳነሳው ተጠቅልሎ የቀረው ክፍል በእጄ ላይ ሞቀ። ትራንስፎርመር ሲበላሽ ቀናት ያለ መብራት የምናድርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አንዳንዱ በናፍጣ ጀነሬተር ይሞላል። መሐንዲሱ የግድቡን ስሌት እንደሠሩልን ይህንንም ይሥሩልን። ደግሞስ ሁላችንም ማታ ማታ ብንሰካ የሰፈሩ መስመር ይሸከመናል?

ከሱሉልታ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ

እኅቴ፣ ከጀነሬተሩ ልጀምር፤ መልሱ ለእኔ ክርክር አይመችም። አነስተኛ የናፍጣ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገውን 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት 6 ሊትር ናፍጣ ይቃጠላል ማለት ነው። ይህ ከሃይብሪዱ የባሰ፣ ከቤንዚን መኪናም ብዙ ያልተሻለ ነው። በጀነሬተር የሚሞላ የኤሌክትሪክ መኪና ኃይል ቆጣቢ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

የሞቀው ገመድ የሚያባክነው ኃይል ጥቂት በመቶ ቢሆን ነው፤ አደጋው ግን ከብክነቱ እጅግ የበለጠ ነው። ተጠቅልሎ የተተወ ቀጭን ገመድ ለሰዓታት ሲጫንበት ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይቀልጣል፤ ጎረቤትዎ ቢያንስ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ይጠቀም ዘንድ ዛሬውኑ ይንገሩት።

መስመሩን በተመለከተ፣ በተራ ሶኬት በ10 አምፔር የሚሞላ መኪና የሚስበው 2.2 ኪሎ ዋት ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሲጋገር ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስንት ምጣድ በአንድ ጠዋት እንደሚሰካ እርስዎ ከእኔ ያውቃሉ። መኪናው ሌሊት፣ ምጣዱ ባረፈበት ሰዓት ቢሞላ፣ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ያገኛል፤ ከኮዬ ፈጬ መሃል ከተማ ደርሶ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። መስመሩን የሚጎዳው ሁሉም ሰው አመሻሽ ላይ ራት በሚሠራበት ሰዓት ሲሰካ ነው።

ከለገጣፎ፣ ጡረታ የወጡ መምህር

ልጆቼ፣ ስለ አንድ መኪና ስትናገሩ ውስጡ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አልቆጠራችሁም። ብቻውን የሚነዳ ሰው 18 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ሁሉ የእሱ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅም 40 ሰው ሲይዝ ለአንዱ የሚደርሰው 3 ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ አያት ድረስ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ባቡር አለን፤ ከለገጣፎ አያት ያለው አጭር መንገድ ግን በቂ አውቶቡስ ስለሌለው ሰው መኪናውን ይዞ ይወጣል። ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ ይህ ይግባበት።

ከሰበታ፣ የጋራዥ ባለሙያ

መምህራችን ያሉትን እቀበላለሁ። ስለ ግድቡ የተሠራውንም ስሌት ተቀብያለሁ፤ መብራት ባለበት ቤት ኤሌክትሪኩ ይበልጣል። ያልተመለሰልኝ የዛሬውን ጉዳይ የሚመለከት ነው። ነገ አንድም የቤንዚን መኪና ባይገባ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ሹፌሩም ለማካካስ በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ ይረግጣል። በዚህ ላይ በኮረኮንች መንገድ አቧራ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ያረጀ ሻማና የጎደለ ጎማ ሲጨመርበት፣ 7 ሊትር ያላችሁት መኪና 10 ሊትር ሲጠጣ በየቀኑ አየዋለሁ። ሃይብሪድ ቢፈቀድ ከእነዚህ ባለቤቶች ብዙዎቹ ይቀይሩ ነበር፤ ሶኬት የሌለው ሰው ግን ኤሌክትሪክ ስለማይገዛ አሮጌውን እየጠገነ ይቀጥላል። በወረቀት ላይ 25 ከ46 ያንሳል፤ በተግባር ግን የምናወዳድረው የሃይብሪዱን 46 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ 10 ሊትር የሚጠጣው አሮጌ መኪና ከምንጩ ሲቆጠር ከሚፈጀው 100 ያህል ጋር ነው።

ከኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ

የጋራዡ ባለሙያ የተናገሩት የእኔን ኑሮ ነው፤ አሮጌዋን የማልቀይረው ሶኬት ስለሌለኝ ነው። ሆኖም ሃይብሪድ ቢፈቀድልኝ ለሚቀጥሉት አሥራ አምስት ዓመታት ከማደያ ሰልፍ አልወጣም፤ ነዳጁም በውጭ ምንዛሪ መምጣቱን አያቆምም። በየሕንፃው መኪና ማቆሚያ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በሌሊት ብቻ የሚሠራ የመሙያ መስመር ይዘርጋልን የሚል ደብዳቤ ከሆነ እኔ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ነኝ። የመምህሩ አውቶቡስም ይጨመር።

ከሱሉልታ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ

በዚያ ይዘት እኔም እፈርማለሁ፤ የመስመሩን የቴክኒክ ዝርዝር አዘጋጅቼ ለአወያዩ እልካለሁ። ለአንድ ሕንፃ አሥር መኪና በ2.2 ኪሎ ዋት ሲሞላ 22 ኪሎ ዋት ነው፤ ይህን አንድ ሦስት ፌዝ መስመር ይሸከመዋል።

ከሰበታ፣ የጋራዥ ባለሙያ

የመሙያ መስመሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን መስመሩ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ ሃይብሪድ በጊዜያዊነት ይፈቀድ የሚል አንቀጽ ካልገባበት ፊርማዬን አላኖርም። አወያዩ አንቀጹን በድምፅ ያስወስኑልን።